አሸንዳን በደጃችን ማሳደግ፦ ችግሮቹ፣ መንስኤዎቻቸውና መፍትሔዎቻቸው

በክረምት ወራት በደጋማው የአገራችን ክፍል የሚጓዝ ሰው በተራራው ተዳፋትና በግጦሽ ሜዳው ላይ እንደ ችቦ ቀጥ ብለው የቆሙ ቀይ፣ ብርቱካንማና ቢጫ አበቦችን ማየቱ አይቀርም። ተክሉ እንደየአካባቢው አሸንዳ፣ አበልቢላ ወይም የዝንጀሮ አገዳ እየተባለ ይጠራል። ውበቱን ያየ ሁሉ በግቢው ቢኖረው ይመኛል። ነገር ግን ተራራ ላይ ማንም ሳይንከባከበው ለዓመታት የኖረው ይኸው ተክል፣ እንክብካቤ ያልተለየው ግቢ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ አንድ ክረምት እንኳ ሳይዘልቅ ይሞታል። ለምን?

እኛም በዚህ ጥያቄ ላይ የደረስነው በራሳችን ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ኮረብታ ጥቂት እግር አሸንዳ ቆፍረን አምጥተን፣ ውሃ እንዳይቸገር በማለት ከቧንቧ አጠገብ ተከልነው። ጉድጓዱን በፍግ ሞላነው። ክረምቱ ሲገባ ቅጠሎቹ መጠውለግ ጀመሩ። የጠማው መስሎን ዝናቡ ባባራ ቁጥር ውሃ ጨመርንለት። በመስከረም ወር አንዱን ተክል ሳብ ብናደርገው ያለ ምንም ትግል እጃችን ላይ ቀረ። ግርጌው ጠቁሮና ላሽቆ መጥፎ ሽታ ያወጣ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ ይህን ስህተታችንን መነሻ አድርገን በአሸንዳ ልማት ላይ በብዛት የሚያጋጥሙትን ችግሮች አንድ በአንድ እንመለከታለን። አንባቢያን ከዚህ ጽሑፍ የሚያገኙት የአንድ አበባ አተካከል ብቻ ሳይሆን፣ የማንኛውም ተክል ችግር በሳይንሳዊ መንገድ እንዴት እንደሚመረመርም ጭምር ነው።

ተክሉን ማወቅ

የአሸንዳ ሳይንሳዊ ስም ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ነው። የመጀመሪያው ቃል እ.ኤ.አ. ከ1704 እስከ 1763 ለኖረው ጀርመናዊ ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ለዮሐን ሂሮኒመስ ክኒፎፍ መታሰቢያ የተሰጠ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በላቲን “ቅጠላማ” ማለት ነው። በዚህ ወገን ውስጥ ወደ 70 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉ ሲሆን አብዛኛዎቹ የሚገኙት በደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ነው። የእኛው አሸንዳ ግን በተፈጥሮ የሚበቅለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ይህም ማለት ከአገራችን ተራሮች ከጠፋ ከሌላ አገር መልሰን የምናመጣው የዱር ዘር አይኖርም ማለት ነው።

አሸንዳ ለብዙ ዓመታት የሚኖር ተክል ነው። ከመሬት በታች ወፍራምና አጭር ግንድ ያለው ሲሆን፣ ከዚያ ላይ እስከ 1 ሜትር የሚረዝሙ ቅጠሎች በጽጌ መልክ ተደራርበው ይወጣሉ። ከመካከላቸው የሚወጣው ዘንግ በጫፉ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቱቦ መሰል ትንንሽ አበቦችን ይሸከማል። አበቦቹ ከታች ወደ ላይ በተራ ስለሚፈኩ፣ አንዱ ዘንግ ከታች የፈካ፣ ከላይ ደግሞ ገና እምቡጥ ሆኖ ይታያል።

ከአመዳደብ አንጻር አሸንዳ የእሬት ቤተሰብ አባል ነው። ይህ ዝምድና ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። እሬት በሥጋማ ቅጠሉ ውስጥ ውሃ ስለሚያከማች ረጅም ድርቅ ይችላል። የአሸንዳ ቅጠል ግን ስስ ነው፤ እንዲህ ያለ ማከማቻ የለውም። ስለዚህ እንደ እሬት ሊያስጠሙት፣ እንደ ጎመንም ውሃ ሊያስተኙበት አይገባም።

አሸንዳ በተፈጥሮ የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ በግምት ከ2050 እስከ 4000 ሜትር ባለው ከፍታ፣ በተለይም በማዕከላዊና በሰሜን ደጋዎች እንዲሁም በባሌ ተራሮች ነው። ከብቶች ስለማይወዱት፣ ሌላው ሣር ተግጦ ባለቀበት ቦታ እንኳ ቆሞ ይታያል። እነዚህን አራት ነጥቦች፣ ማለትም ቀዝቃዛ አየር፣ የተገለጠ ፀሐይ፣ ውሃ የማይተኛበት ተዳፋትና ብዙ ማዳበሪያ ያልለመደ አፈር የሚሉትን አንባቢያን በአእምሮአቸው እንዲይዙ እንጠይቃለን። ከዚህ በታች የምናያቸው ችግሮች ብዙዎቹ ከእነዚህ የአንዱ መጓደል ውጤቶች ናቸውና።

ከመድኃኒት በፊት ጥያቄ

ተክል ሲታመም የብዙዎቻችን የመጀመሪያ እርምጃ ውሃ ወይም ማዳበሪያ መጨመር፣ አለያም ፀረ ተባይ መርጨት ነው። ይህ ሕመምተኛውን ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደማዘዝ ይቆጠራል። ከእርምጃ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባል። አንደኛ፣ ምልክቱ የታየው በየትኛው የተክሉ ክፍል ነው? በአሮጌው ቅጠል፣ በአዲሱ ወይስ በግርጌው? ሁለተኛ፣ መቼ ጀመረ? በዝናብ፣ በበጋ ወይስ ከተዛወረ በኋላ? ሦስተኛ፣ ያለበት ቦታ ከትውልድ ቦታው በምን ይለያል?

ሦስተኛው ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ ነገሩን ከመነሻው ይቋጨዋል። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደሚቀንስ በጂኦግራፊ ትምህርት ተምረናል። በ2800 ሜትር አካባቢ ይኖር የነበረን ተክል 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ድሬዳዋ ብናወርደው ልዩነቱ 1600 ሜትር ነው። ስለዚህም ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ተጨማሪ ሙቀት እናሸክመዋለን ማለት ነው። በቆላና በሞቃት ወይና ደጋ የሚኖሩ ተማሪዎች አሸንዳ አልይዝ ቢላቸው የእጃቸው ጉድለት አይደለም፤ ከራሳቸው አካባቢ የተገኘ የዱር አበባ ቢመርጡ ይሻላል። በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃን፣ በደሴና በመሳሰሉት ደጋማ ከተሞች ግን ከፍታው ችግር ስለማይሆን መንስኤውን ሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርብናል።

ችግር አንድ፦ ዘሩ አልበቀለም

የአሸንዳ ፍሬ ሲደርቅ በሦስት ክፍል ተሰንጥቆ ትንንሽ ጥቁር ዘሮችን ይሰጣል። ዘሩ አልበቀለም ከሚሉን ሰዎች ብዙዎቹ ዘሩን በጥልቀት የቀበሩ፣ ያረጀ ዘር የተጠቀሙ ወይም ሳይታገሡ የቀሩ ናቸው። ትንሽ ዘር ያለው ስንቅ ትንሽ ነው። በጥልቀት ከተቀበረ ቡቃያው ብርሃን ሳያገኝ ስንቁ ያልቅበታል። ስለዚህ እኩል መጠን ያለው አፈር፣ አሸዋና የበሰለ ብስባሽ ቀላቅሎ በሳጥን መሙላት፣ ዘሩን ከላይ በትኖ ከ3 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ስስ አሸዋ መሸፈን፣ ከዚያም እርጥበቱ ሳይቋረጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። አዲስ ዘር በአብዛኛው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያም የሚዘገይ አለ። ሳጥኑን በሦስተኛው ሳምንት የሚደፋ ሰው ሊበቅል የተቃረበ ዘር ሊደፋ ይችላል።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ስህተት ደግሞ ዘሩ በቅሎ ሳለ አልበቀለም ማለት ነው። አሸንዳ ባለ አንድ ክክ ተክል በመሆኑ ቡቃያው ቀጭንና ክር መሰል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሣር ወይም ከሽንኩርት ቡቃያ ጋር በቀላሉ ይምታታል። እኛም አንድ ጊዜ ሳጥኑን በትጋት ስናርም አረሙን ትተን ያረምነው አሸንዳውን ነበር። ይህን ለማስቀረት ዘሩን በመስመር መዝራትና መስመሩን በእንጨት ምልክት ማድረግ በቂ ነው። በመስመሩ ላይ እኩል ተራርቆ የቆመው አሸንዳ ነው፤ በየቦታው ያለ ሥርዓት የሚበቅለው ደግሞ አረም ነው።

ቡቃያዎቹ ከበቀሉ በኋላ በአፈሩ ወለል ላይ ቀጥነው በድንገት ከወደቁ፣ መንስኤው በእርጥብና አየር በማያገኝ አፈር ውስጥ የሚራቡ ሻጋታ መሰል ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው። ዘሩን አራርቆ መዝራት፣ በጠዋት ብቻ ማጠጣትና ሳጥኑን ነፋስ በሚያገኝበት ማስቀመጥ ይከላከለዋል። አንዴ የወደቀ ቡቃያ ግን አይነሣም።

ችግር ሁለት፦ በውሃ ውስጥ ቆሞ ጠወለገ

ይህ የእኛን ተክሎች የፈጀው ችግር ስለሆነ ሰፋ አድርገን እናየዋለን። ሥር እንደማንኛውም ሕያው አካል ይተነፍሳል። የሥር ሕዋሳት ውሃና ማዕድን ለመሳብ የሚያስፈልጋቸውን ጉልበት የሚያገኙት ስኳርን በኦክስጅን አማካይነት በማቃጠል ነው። ጤናማ አፈር በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተቶች ስላሉት ኦክስጅን በእነዚያ በኩል ወደ ሥሩ ይደርሳል። አፈሩ በውሃ ሲጥለቀለቅ ግን ክፍተቶቹ ይሞላሉ። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሠራጨው በአየር ውስጥ ከሚሠራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። በዚህ ጊዜ ሥሩ ያለ ኦክስጅን ወደሚካሄድ ብላቴ ለመግባት ይገደዳል። ከዚህ የሚገኘው ጉልበት ከአንድ ሞለኪውል ግሉኮስ ሁለት ኤ.ቲ.ፒ. ብቻ ሲሆን፣ በኦክስጅን ቢሆን ኖሮ ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ይገኝ ነበር።

ጉልበት ያጣ ሥር ውሃ መሳብ ያቆማል። ቅጠሉ ግን በፀሐይና በነፋስ ውሃ ማጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ተክሉ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ በውሃ ጥም ይጠወልጋል። ሳይንሱን የማያውቅ ተንከባካቢ የሚያየው መጠውለጉን ብቻ ነውና ውሃ ይጨምራል። የጨመረው ውሃ ቀሪውን ኦክስጅን ያጠፋል፤ ተክሉ ይብሱን ይጠወልጋል፤ ተንከባካቢው እንደገና ያጠጣል። ይህ ክፉ አዙሪት እስከ ሞት ይቀጥላል። ከዚህ ላይ ፋይቶፍቶራና ፒቲየም የተባሉት ሥር አበስባሽ ሕዋሳት ሲታከሉ ነገሩ ይፋጠናል። እነዚህ ፈንገስ ቢመስሉም እውነተኛ ፈንገሶች አይደሉም። ጅራት ያላቸው የመራቢያ ሕዋሶቻቸው በአፈር ውሃ ውስጥ እየዋኙ ከተክል ወደ ተክል ይሻገራሉ። የተጥለቀለቀ አፈር ለእነርሱ የተዘረጋ መንገድ ነው።

ታዲያ የውሃ ጥምንና የውሃ ብዛትን እንዴት እንለያለን? መልሱ ቀላል ነው፤ ውሃ ከማጠጣታችን በፊት ጣታችንን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ እናስገባ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ተክሉ ጠምቶታል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ ግን ውሃ መጨመር ጉዳት ነው። ግርጌውን ጫን ስናደርገው ከላሸቀና ከሸተተ መበስበሱ ጀምሯል ማለት ነው።

መፍትሔው ከመትከል በፊት ይጀምራል። በመረሬ አፈር፣ ማለትም በክረምት አብጦ ውሃ በሚይዘውና በበጋ በሚሰነጣጠቀው ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ አሸንዳን በሜዳው ደረጃ መትከል አይመከርም። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ፣ በዙሪያው የውሃ መውረጃ ቦይ ማበጀት ያስፈልጋል። የደጋ ገበሬዎቻችን በመረሬ መሬት ላይ ሰፊ መደብና ቦይ እየሠሩ ስንዴ የሚዘሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ተክሉ ሲተከልም ቅጠሎቹ የሚነሡበት እምብርት ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት። እምብርቱ ከተቀበረ የዝናብ ውሃና ጭቃ በቅጠሎቹ መካከል ተጠራቅሞ ያበሰብሰዋል።

መበስበስ የጀመረ ተክልስ ይድናል? አንዳንዴ ይድናል። ነቅሎ ማጠብ፣ የላሸቀውን ክፍል በንጹሕ ቢላዋ ነጭና ጠንካራ ሥጋ እስኪታይ ድረስ መቁረጥ፣ ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ሁለት ቀን በጥላ ሥር ማቆየት፣ ከዚያም በአሸዋማ አፈር በሌላ ቦታ መትከል ነው። በዚያው ጉድጓድ መመለስ ግን ከበሽታው ጋር መልሶ ማገናኘት ይሆናል።

ችግር ሦስት፦ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ

ቢጫ ቅጠል ሁሉ የበሽታ ምልክት አይደለም። ከውጭ በኩል ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ጊዜያቸው ሲደርስ ቢጫ ሆነው መድረቃቸው የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ቆርጦ ማንሣት ይበቃል። ጥያቄ የሚያስነሣው ብጫነቱ ሲስፋፋ ነው። እዚህ ላይ የትኛው ቅጠል ቀድሞ ቢጫ እንደሆነ ማየት ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። ናይትሮጅንና ማግኒዝየም በተክሉ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ መዘዋወር ይችላሉ። እጥረት ሲደርስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣል፤ በመሆኑም ቀድሞ ቢጫ የሚሆነው አሮጌው ነው። ብረት ግን አንዴ ከገባበት ቅጠል በቀላሉ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የብረት እጥረት የሚታየው በአዲሱ ቅጠል ላይ ሲሆን፣ ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ክፍል ሐመልሚሉን ያጣል።

የብረት እጥረት ሲባል አፈሩ ብረት የለውም ማለት ላይሆን ይችላል። በከተማ ግቢዎች ከግንባታ የተረፈ ሲሚንቶና ኖራ አፈር ውስጥ ተቀብሮ መቅረቱ የተለመደ ነው። ይህም የአፈሩን ፒኤች ከፍ ያደርገዋል። በዚህ ሁኔታ ብረቱ ሥሩ ሊስበው ወደማይችለው ቅርጽ ይለወጣል። ከግድግዳ ሥር የተተከለው አሸንዳ ብቻ አዲስ ቅጠሉ ቢነጣ፣ ማዳበሪያ ከመግዛት በፊት አፈሩን ቆፍሮ ፍርስራሹን ማውጣትና ብስባሽ መቀላቀል ይቀድማል።

ችግር አራት፦ ለመለመ እንጂ አላበበም

“ተክላችን ያማረ ነው፤ ቅጠሉ ወገብ ይደርሳል፤ ነገር ግን አንድም ዘንግ አላወጣም” የሚል አቤቱታ ሲቀርብ አራት ነገሮች በቅደም ተከተል ይጣራሉ።

የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። ከዘር የበቀለ አሸንዳ በአብዛኛው ለማበብ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈልጋል። በመጀመሪያው ዓመት አበባ መጠበቅ ከጥጃ ወተት እንደመጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። አበባ ለተክሉ ከፍተኛ ወጪ ነው። ዘንጉን፣ አበቦቹንና በውስጣቸው ያለውን ጣፋጭ ወለላ ለመሥራት ብዙ ስኳር ያስፈልጋል፤ ስኳሩም የሚገኘው በብርሃን አስተጻምሮ ነው። በተራራው ላይ ጥላ የሚጥልበት ብዙ ዛፍ የለም። በግቢያችን ግን ከባሕር ዛፍ ሥር ወይም ከፎቅ ጀርባ ከተከልነው፣ ቅጠሉን እያስረዘመ ብርሃን ሲፈልግ ይኖራል እንጂ ለአበባ የሚተርፈው የለውም። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ መመረጥ አለበት።

ሦስተኛው የማዳበሪያ ብዛት ነው። ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን የቅጠልና የግንድ እድገትን ያፋጥናል። ያለ ልክ ሲሰጥ ግን ተክሉ ጉልበቱን ሁሉ በቅጠል ላይ ያውላል፤ የለሰለሰው ቅጠልም ለተባይ ይመቻል። እኛ ጉድጓዱን በፍግ የሞላነው ለተክሉ አዝነን ነበር፤ ይህ ተክል ግን የለመደው የሌላውን ምቾት አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ ከግርጌው ራቅ አድርጎ አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ የበሰለ ብስባሽ መስጠት ይበቃዋል።

አራተኛው መጨናነቅ ነው። ተክሉ በዓመታት ውስጥ ከጎኑ ልጆች እያወጣ ይበዛል። አንድ ጊዜ በደንብ ያብብ የነበረ ቁጥቋጦ አበባው እየቀነሰ ከሄደ፣ በሰኔ መጀመሪያ ነቅሎ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሥር እንዲኖረው አድርጎ መክፈልና አራርቆ መትከል ያስፈልጋል። የተከፈለው ተክል ሥሩን እስኪያደላድል አንድ ዓመት ሳያብብ ቢቆይ ሊያሳስበን አይገባም።

ችግር አምስት፦ አበበ እንጂ ዘር አልያዘም

አሸንዳ በቱቦ መሰል አበቦቹ ውስጥ ብዙ ወለላ ያመነጫል። በባሌ የእረኛ ልጆች አበባውን እየላሱ ጣፋጭነቱን ያጣጥማሉ። ወለላው ቀጭንና ቆልማማ ምንቃር ያላቸውን፣ በሳይንሱ ሰንበርድ የሚባሉትን ትንንሽ ወፎችና የተለያዩ ነፍሳትን ይስባል። እነርሱም ከአበባ ወደ አበባ ሲሻገሩ ብናኝ ያደርሳሉ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 “ኢኮሎጂ” በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በዚህ ዝርዝር ላይ ያልተጠበቀ እንግዳ ጨምሯል። ተመራማሪዎች በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎች የአሸንዳን አበባ ሲልሱ ተመልክተዋል። አንዳንዶቹ በአንድ ጉዞ እስከ 30 የሚደርሱ የአበባ ዘንጎችን የጎበኙ ሲሆን፣ አፍንጫቸውና አፋቸው ዙሪያ በብናኝ ተሸፍኖ ታይቷል። ቀበሮዎቹ ብናኙን በማድረስ ዘር እንዲያዝ ያደርጋሉ የሚለው ገና በማስረጃ ያልተረጋገጠ ግምት ነው። ሆኖም ትልቅ ሥጋ በል እንስሳ ወለላ ሲቀስም መታየቱ እጅግ ብርቅ ነው። በዓለም ላይ ቁጥራቸው 500 የማይሞላው ቀይ ቀበሮዎችና በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅለው አሸንዳ በአንድ ሜዳ ላይ ተሳስረው መገኘታቸው፣ አንዱን ስንነካ ሌላውን እንደምንነካ ያስገነዝበናል።

ወደ ግቢያችን ስንመለስ፣ ዘር አለመያዝ ሁለት ዋና ምክንያቶች ይኖሩታል። አንደኛው የአድራሾች እጥረት ነው። አበባ ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው ንብንና ሌሎች ነፍሳትን ይገድላል። ሁለተኛውና ብዙዎች የማያስቡት ግን የዝምድና ጉዳይ ነው። በዚህ ወገን ውስጥ የራሳቸውን ብናኝ የማይቀበሉ የደቡብ አፍሪካ ዝርያዎች መኖራቸው ታውቋል። በግቢያችን ያሉት ተክሎች ሁሉ ከአንድ እናት ተከፍለው የተተከሉ ከሆነ፣ ቁጥራቸው አሥር ቢሆንም በዘረመል አንድ ተክል ናቸው። ስለዚህ አሸንዳችን ዘር አልይዝ ካለ፣ ከሌላ ዘር የበቀለ ተክል አጠገቡ መትከል፣ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ብናኙን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ማድረስ መሞከር ተገቢ ነው። ከውጭ የመጡ የክኒፎፊያ ዝርያዎች አጠገብ ያሉ እንደሆነ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የዚህ ወገን ዝርያዎች እርስ በርስ በቀላሉ ስለሚዳቀሉ፣ የሚገኘው ዘር ንጹሕ አሸንዳ ላይሆን ይችላል።

ችግር ስድስት፦ ተባዮች

ክሽክሽ በአበባው ዘንግ ላይ ተሰብስቦ ጭማቂ ይመጣል፤ በጠንካራ የውሃ ግፊት ማጠብ ወይም በስሱ የሳሙና ውሃ መጥረግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ከታየ ትሪፕስ የተባለውን ጥቃቅን ነፍሳት እንጠርጥር። የተጎዳውን ቅጠል ቆርጦ ማስወገድና ተክሉን በበጋ አለማስጠማት ይረዳል። ቀንድ አውጣ በቅጠሎቹ ግርጌ ይደበቃል፤ ሲመሽ በእጅ መልቀም ነው። አንድ ጤናማ ተክል ያለ ምልክት በአንድ ሌሊት ዘንበል ካለና አጠገቡ የአፈር ክምር ከታየ ደግሞ ፍልፈል ነው።

ለፈጣን ምርመራ

አፈሩ እርጥብ፣ ቅጠሉ የጠወለገ፦ የሥር መታፈን። ውሃ ማቆም፣ ቦይ ማውጣት።
አፈሩ ደረቅ፣ ቅጠሉ የጠወለገ፦ የውሃ ጥም። በዝግታና በጥልቀት ማጠጣት።
ግርጌው የላሸቀና የሸተተ፦ መበስበስ። ነቅሎ፣ ቆርጦ፣ ቦታ መቀየር።
የውጭ ቅጠሎች ብቻ ቢጫ፦ እርጅና። ብጫነቱ ከተስፋፋ የናይትሮጅን እጥረት።
አዲስ ቅጠል ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ፦ የብረት እጥረት። ኖራና ሲሚንቶ መኖሩን ማጣራት።
ቅጠሉ የበዛ፣ አበባ የሌለው፦ ዕድሜ፣ ጥላ፣ የማዳበሪያ ብዛት ወይም መጨናነቅ።
አበባ ያለው፣ ዘር የሌለው፦ የአድራሾች እጥረት ወይም የተክሎቹ አንድ ዘረመል መሆን።

ተግባራዊ ሙከራ

የግቢያችሁ አፈር ለአሸንዳ መመቸቱን ለማወቅ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። በውሃ ሞልታችሁ እስኪሰርግ ጠብቁ። ከዚያ እንደገና ሙሉና ማስመሪያ አቁማችሁ በሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደቀነሰ መዝግቡ። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ውሃው ይተኛል፤ ከፍ ያለ መደብ ያስፈልጋችኋል። ሙከራውን በቧንቧው አጠገብ፣ በዛፍ ሥርና በተዳፋት ላይ ደግማችሁ ውጤቱን አነጻጽሩ። እኛ ይህን ሙከራ ያደረግነው ተክሎቻችን ከሞቱ በኋላ ነበር፤ በቧንቧው አጠገብ የሞላነው ውሃ በማግሥቱም እዚያው ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እርጥብ አፈር ላይ ያለ ተክል ለምን ይጠወልጋል?
2. የናይትሮጅን እጥረት በአሮጌ ቅጠል፣ የብረት እጥረት ግን በአዲስ ቅጠል ላይ ቀድሞ የሚታየው ለምንድን ነው?
3. ከአንድ እናት በመክፈል የተባዙ ተክሎች ጥቅማቸውና ጉዳታቸው ምንድን ነው?

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. በ1984 ኤርምያስ ዳኜና ጀርመናዊው ስቴግሊሽ ከአሸንዳ ኒፎሎን የተባለውን ውሁድ ለይተው ለዓለም ሳይንስ አስተዋውቀዋል። ከዚያ በኋላም የሥሩ ውሁዶች የወባን ተሕዋስ የመቋቋም ችሎታቸው በላቦራቶሪ ተጠንቷል። ከአርባ ዓመት በኋላ ደግሞ የቀይ ቀበሮዎቹ ነገር ተሰማ። በየመንገዱ ዳር እንደ ተራ ነገር የምናልፈው አንድ አበባ ይህን ያህል ምሥጢር ከያዘ፣ ገና ያልተጠየቀው ስንት ይሆን?

ስለዚህ አሸንዳን የምትወዱ ተማሪዎች ከተራራው ቆፍራችሁ አታምጡት። ከብሔራዊ ፓርክ ተክል መውሰድ የተከለከለ ነው። ከፓርክ ውጭም ቢሆን፣ የተነቀለው ተክል በአብዛኛው እንደማይዝልቅ የእኛ ታሪክ ምስክር ነው። ተክሉን ከሚያሳድግ ሰው ጥቂት ዘር ለምኑ፤ በመስመር ዝሩ፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ታገሡ። ሲታመምባችሁም ውሃውንና ፍጉን ከማንሣታችሁ በፊት ስለ ትውልድ ቦታው ጠይቁ። እኛ ያንን ጥያቄ ሳንጠይቅ ያጠፋናቸው ተክሎች በኮረብታው ላይ ትተናቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ያብቡ ነበር።